የማር በር ጠጠር

ይህ ነገር የሆነበት አገር ስም አለው፤ እኔ ግን አልጠራውም። ሰምቶ ሲጨርስ «የማውቀውን አገር ይመስላል» የሚል ሰው ቢኖር ያለው እሱ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

አገሩ በአንድ ኮረብታ ዙሪያ የሰፈረ ነው። በኮረብታው አናት ላይ ችሎት አለ፤ በችሎቱ ውስጥ ዳኛ አለ፤ በዳኛው አፍ ውስጥ ደግሞ «ይሁን» የምትል አንዲት ቃል አለች። የዚያ አገር ሰው ዕድሜ ልኩን የሚለፋው ይህችን ቃል ለመስማት ነው። መሬቱን የተቀማ፣ በሬው የተነዳበት፣ ልጁ የታሰረበት፣ ሁሉም ሽቅብ እያየ ይኖራል። ከኮረብታው ሥር እስከ አናቱ አራት በሮች አሉ። ከታች ጭቃ በር፣ ቀጥሎ ድንጋይ በር፣ ከዚያ ዋርካ በር፣ መጨረሻ ላይ ማር በር። ከማር በር በላይ ያለው ችሎቱ ሲሆን ከጭቃ በር በታች ያለው መቃብር ነው።

በየበሩ አንድ ትልቅ ጋን ተቀምጧል፤ ጋኑ ውስጥ ነጭና ጥቁር ጠጠር አለ። ባለጉዳይ በሩ ላይ ሲደርስ ሳያይ እጁን ወደ ጋኑ ይሰድና አንድ ጠጠር ያወጣል። ነጭ ከሆነለት ወደ ላይኛው በር ይወጣል፤ ጥቁር ከሆነበት ወደ ታችኛው ይወርዳል። ጠጠሩን ለበር ጠባቂው አሳይቶ መልሶ ይከተዋል። ጭቃ በር ላይ ጥቁር ያወጣ ሰው የሚወርድበት ስለሌለ እዚያው ጭቃው ላይ ያድርና በማግስቱ እንደገና ይሞክራል። ማር በር ላይ ነጭ ያወጣ ጠጠሩን እንደያዘ ችሎት ይገባል፤ ለአንድ ነጭ ጠጠር አንዲት «ይሁን» ይሰጠዋል። በአንድ በር ላይ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ማውጣት ክልክል ነው። ሕጉ ይኸው ነው።

አመጣጡ ክፉ አልነበረም። ክፉ ሕግ ሁሉ አመጣጡ ደህና ነው። በመጀመሪያው ንጉሥ ዘመን በር ጠባቂዎቹ ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር «የማን ልጅ ነህ? ባለፈው ምን ይዘህልኝ መጥተህ ነበር?» እያሉ፣ ሙክት ያመጣውን አስገብተው ባዶ እጁን የመጣውን ይመልሱ ነበር። ንጉሡ ተናደደና «እንግዲህ ጋኑ ይፍረድ፤ እናንተ ደግሞ ትናንትን የምታስታውሱበት አንጎል አይኑራችሁ» ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲህ በር ጠባቂዎች በየማለዳው ተሰልፈው ከሊቀ መርሳት እጅ የመርሻ ውሃ ይጠጣሉ። ውሃው ከወንዝ የተቀዳ ተራ ውሃ ነው፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ጠጥተው ሲያበቁ «ትናንት አልነበረም» ብለው ይምላሉ። ባለጉዳይን ከየት እንደመጣና ትናንት የትኛው በር ላይ እንደነበረ መጠየቅ ከሹመት ያስነሳል። ባለጉዳዩም ትናንትን ከጠራ ጉድጓድ ይወርዳል።

ሊቀ መርሳት የሚባለው ሹም ለዚህ ሥራ የተመረጠው የእናቱን ስም ተጠይቆ «የቷ እናቴ?» በማለቱ ነው ይባላል። ሌላው ታላቅ ሹም አፈ ጋን ነበር። ጋኖቹን በጠጠር የሚሞላው እሱ ነው። መጀመሪያ ነጩና ጥቁሩ እኩል ለእኩል ነበር አሉ። ይሁንና ነጩ ጠጠር ለስላሳ ነው፤ ለገበጣ ይመቻል። ሹማምንቱ ደግሞ ችሎት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩት ገበጣ መጫወት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ እፍኝ፣ ነገ ሌላ እፍኝ እየተባለ ነጩ ከየጋኑ ተለቅሞ ወደ ላይ ወጣ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ በዚያ አገር መንግሥትም በጠጠር ይደገፋል፤ በጥቁሩ።

በዚያ አገር ንጉሥ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። የተሾመው ሁሉ ለድሃ አዛኝ ነው። ያለፈው ንጉሥ ምን እንዳደረገ የሚያስታውስ ስለሌለ አዲሱ የሚያደርገው ሁሉ አዲስ ነው። አንዱ «ባለጉዳይ ከጭቃ በር መነሳቱ ግፍ ነው፤ ከድንጋይ በር ይነሳ» ብሎ አወጀ። እልል ተባለ። ሁሉም ድንጋይ በር ላይ ተሰለፈ። ወሩ ሳያልቅ ጭቃ በር ላይ ጭቃው እስኪጠፋ ድረስ ሰው ሞላበት። ሌላው ተሾመና «ከዋርካ በር ይነሳ» አለ። እልል ተባለ። ጥቂት ዘገየ እንጂ ጭቃ በር መልሶ ሞላ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከኮረብታው በስተቆላ ሽንብርማ የምትባል መንደር ነበረች። ሽንብርማ አንድ ምንጭ አላት፤ ሰዉም ከብቱም የሚጠጣው ከዚያው ነው። አንድ ቀን የአፈ ጋን አሽከሮች መጥተው ምንጩን በእሾህ አጠሩት። ለምን ሲባሉ «የጌታችን በቅሎዎች የሚታጠቡበት ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ መከሩና አንደበቱ የተባ ነው ያሉትን ስንሻው የሚባል ጎልማሳ ወደ ኮረብታው ላኩት።

ስንሻው ጥቂት ጊዜ ወጥቶ ጥቂት ጊዜ ወርዶ አንድ ማለዳ ድንጋይ በር ደረሰ። ጉዳዩን ለበር ጠባቂው ነገረው። በር ጠባቂው «ምስክር አምጣ» አለው። ምስክሩን ፈልጎ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ በር ጠባቂው ዓይኑን አፍጥጦ «ማን ነህ? ምን ፈልገህ ነው?» አለው።

«ጠዋት ነግሬህ አልነበረም?» አለ ስንሻው።

በሩ ላይ የነበሩት ዘበኞች ሰሙ። ወዲያው ያዙትና ሊቀ መርሳት ዘንድ አቀረቡት፤ ክሱ ትናንትን መጥራት ነው። ስንሻው ተከራካሪ ነውና «ጌታዬ፣ እኔ ያልኩት ጠዋት ነው። ጠዋት ትናንት አይደለም፤ ሕጉ የሚለው ትናንትን ነው» አለ። ሊቀ መርሳት ብዙ አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ላቡ መጣ። በመጨረሻ «ያለፈ ሁሉ ትናንት ነው» ብሎ ፈረደ። ይህች ፍርድ የተማሩት ሰዎች ሁሉ ያደነቋት ፍርድ ናት። ስንሻውም ጭቃ በር አጠገብ ወዳለው ጉድጓድ ወረደ።

ያ ጉድጓድ ክፉ ነው። ክረምት ሲገባ የኮረብታው ጎርፍ በሙሉ ወደዚያ ይወርዳል። ሹማምንቱ «ጉድጓዱ በየክረምቱ ይጸዳል» ይላሉ፤ ከምን እንደሚጸዳ ግን አይናገሩም። ስንሻው የታሰረው ግንቦት ላይ ነው።

ታላቅ እህቱ አንጓች ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ባሏ የሞተባት፣ እንባዋ ሩቅ፣ ነገር ከያዘች የማትለቅ ሴት ናት። ኮረብታው ሥር ስትደርስ እልልታ ሰማች። አዲስ ንጉሥ መሾሙ ነው።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ!» ይላል አዋጅ ነጋሪው። «ንጉሣችን ለድሃ አዝነዋል። ከዛሬ ጀምሮ ባለጉዳይ ሁሉ ከማር በር ይነሳል! በበቅሎ ተጭኖ ይወጣል!»

አንጓችም አለቀሰች። እንባዋ ሩቅ ነው ብያለሁ፤ ያን ቀን ግን አለቀሰች። ማር በር ማለት ከችሎቱ አንዲት ጠጠር ብቻ የቀረው በር ነው። ከሌላው ባለጉዳይ ጋር በበቅሎ ተጭና ወጣች። በመንገዱ ዳርና ዳር እንግጫ ተጎዝጉዟል፤ አዝማሪው ይዘፍናል፤ ሹማምንቱ ከመስኮት እጃቸውን ያውለበልባሉ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል የለ። ተራዋ ሲደርስ እጇን ወደ ጋኑ ሰደደች። ጥቁር ወጣ። ከፊቷ የነበረውም ጥቁር ነው ያወጣው፤ ከኋላዋ ያለውም እንዲሁ። የተጫኑባቸው በቅሎዎች ገና ሳይሄዱ ባለጉዳዩ በእግሩ መውረድ ጀመረ።

ሰኔ ሲጠባ አንጓች ጭቃ በር ላይ ነበረች። አንድ ሁለቴ ወደ ድንጋይ በር ወጥታለች፤ አንዴም ዋርካ በር ደርሳለች፤ ሁልጊዜም ተመልሳ ወርዳለች። ዙሪያዋን ስታይ ጭቃ በር ላይ ሕዝብ ተትረፍርፏል፤ ድንጋይ በር ላይ መጠነኛ ሰው አለ፤ ዋርካ በር ላይ ጥቂት፤ ማር በር ላይ አንድ ሁለት ሰው ቢታይ ነው። ሰዎቹ በየቀኑ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። የየበሩ የሰው ብዛት ግን ፈቀቅ አይልም።

አፈ ጋን ይህን አይቶ ለንጉሡ አስረዳ። «ሕዝቡ ጭቃ ይወዳል፣ ንጉሥ ሆይ። ማር በር ድረስ በበቅሎ ብናወጣው በገዛ እጁ ጠጠር አውጥቶ ወረደ። ማን አስገደደው?» ንጉሡም እጅግ አዘነና ስለ ሕዝቡ ጠባይ የሚያስተምሩ ሰዎች ቀጠረ። እነዚህ ሰዎች ጭቃ በር ድረስ ወርደው፣ ጫማቸው እንዳይቆሽሽ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ «እጃችሁን ስትሰዱ ነጭ ነጩን አስቡ» እያሉ ያስተምሩ ነበር። አበልም ነበራቸው።

ጭቃ በር ላይ አያ ሞላልኝ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ላያቸው ሰው ከጭቃው ጋር አብረው የበቀሉ ይመስሉ ነበር። በዚያ አገር ትናንትን መጥራት ክልክል ስለሆነ ሰው የደረሰበትን ሁሉ በተረት ነው የሚናገረው፤ ተረት የበዛበት ምክንያትም ይኸው ነው። አያ ሞላልኝ አንጓች ጥቁር ጠጠሯን መልሳ ስትቀመጥ አዩና ጠሯት።

«ነይ ልጄ፣ ተረት ልንገርሽ። አንድ ሰው ነበር አሉ። አንድ ንጉሥ መጣና ከድንጋይ በር አስነሳው።»

«እሺ።»

«ጭቃ ገባ። ሌላ ንጉሥ መጣና ከዋርካ በር አስነሳው።»

«እሺ።»

«ጭቃ ገባ። ሌላ ንጉሥ መጣና በበቅሎ ጭኖ ከማር በር አስነሳው።»

«ጭቃ ገባ» አለች አንጓች።

«ተረቱን ታውቂዋለሽ ማለት ነው» አሉና ሳቁ። «ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር የምንነሳበት ይለወጣል። የምንደርስበት ግን ያው ነው። የሚያደርሰን መነሻችን አይደለማ፤ ጋኑ ነው። ጋኑን የነካ ንጉሥ ግን... እንጃ፣ በተረትም አልሰማሁም።»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ?»

«ከዚህ በታች ያለው መቃብር ነው። እዚያ የገባ ጠጠር አያወጣም። ስንመላለስ ስንመላለስ አንድ ቀን ሁላችንም እዚያ ነን።»

በዚያን ቀን የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ካፊያ ነገር ነው። አንጓች ወደ ጉድጓዱ ሄዳ በአፉ ላይ አጎነበሰች። ዘበኛው ሰው ነውና ዘወር አለላት።

«ስንሻው፣ አለህ?»

«አለሁ። እግሬ ረጠበ» አለ ከታች።

ይበልጥ አጎነበሰች። እሱ ግን ሌላ ነገር እያብሰለሰለ ነው፤ ሙግቱ አልወጣለትም።

«አንጉ፣ ጠዋቱን እኮ ነው ትናንት ነው ያሉኝ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት። ያለፈ ሁሉ ትናንት ነው አሉኝ።»

«ያለፈ ሁሉ?»

«ያለፈ ሁሉ።»

አንጓች ቀና አለች። ጉልበቷ ላይ ያለውን ጭቃ አራገፈች። ወንድሟን የጣለችው ፍርድ አሁን ገና ገባቻት። በማግስቱ ማለዳ ወጥታ ጭቃ በር ላይ ተሰለፈች። ጥቁር ወጣ። መልሳ ከተተችና፣ ዞር ብላ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ገባች። ተራዋ ሲደርስ እንደገና አወጣች። በር ጠባቂው ፊቷን አየ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ገለጠ፤ ምንም አላለም። ምን ይበል? በቀን አንድ ጊዜ የሚለውን ሕግ ለማስከበር «ቅድም አውጥተሻል» ማለት አለበት። ቅድም ደግሞ ያለፈ ነው። ያለፈ ሁሉ ትናንት ነው። ሦስተኛ ላይ ነጭ ወጣላትና ወደ ድንጋይ በር ወጣች። ድንጋይ በር ትንሽ አደከማት፤ ዋርካ በርም እንዲሁ። እንደዚያ እየተመላለሰች ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ማር በር ደረሰች።

የማር በር ጠባቂ ባሻ ጓንጉል ይባላል። ግርማ ሞገስ ያለው፣ ጢሙን የሚያሳምር፣ ከሹመቱ በቀር የሚወደው ነገር የሌለው ሰው ነው። የማር በር ጋን ደግሞ ከጋን ሁሉ የከፋ ነው፤ ለችሎቱ ስለሚቀርብ ሹማምንቱ ለገበጣ ነጭ ሲያጥራቸው የሚልኩት ወደሱ ነው።

«ጠጠር አውጪ» አላት ባሻ ጓንጉል። ጥቁር። «ውረጂ።»

አልወረደችም፤ ዞራ ከሰልፉ መጨረሻ ገባች፤ ሰልፉ አጭር ስለሆነ ወዲያው ተመልሳ ፊቱ ቆመች። ባሻ ጓንጉል ቀና ብሎ አያትና አፉን ከፈተ።

«አንቺ ሴትዮ...»

«አቤት ባሻ።»

«አንቺ...»

«ከዚህ በፊት ያውቁኛል እንዴ?»

ባሻ ጓንጉል ግራና ቀኝ አየ። ሰልፈኛው ሁሉ እያዳመጠ ነው። «የት አውቅሻለሁ! ፈጽሞ አላውቅሽም» አለ።

«እኔም አላውቅዎትም። ጠጠር ላውጣ?»

«አውጪ።» ጥቁር። «ውረጂ!»

ተመልሳ መጣች። «እንደምን ዋሉ ጌታዬ» አለችው። «ለአገሩ እንግዳ ነኝ። እዚህ ምንድን ነው የሚደረገው?»

ሰልፈኛው ሳቁን ለመያዝ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። ባሻ ጓንጉል የጢሙ ጫፍ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። «ጠጠር... ጠጠር ይወጣል» አለ። አወጣች። ጥቁር። እንደገና መጣች። እንደገና። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ባሻ ጓንጉል ላብ አጥምቆት በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ እጇ ወደ ጋኑ በገባ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ለሷ ነጭ እንዲወጣላት እየጸለየ ነው። በዕድሜው ለባለጉዳይ የጸለየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋን ውስጥ አንድም እንኳ ነጭ ካለ፣ እጅ እስካልታከተ ድረስ መውጣቱ አይቀርም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጣ።

«ነጭ!» አለ ባሻ ጓንጉል፤ ከሷ ቀድሞ። «ግቢ እባክሽ። ግቢልኝ።»

ችሎቱ ስትገባ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ዳኛው፣ አፈ ጋንና ሊቀ መርሳት በገበጣው ዙሪያ አጎንብሰዋል። መሬቱ ላይ ነጭ ጠጠር በየጥጉ ተከምሯል፤ ከረገጡት ያንሸራትታል። አንጓች በሕይወቷ ያን ያህል ነጭ ጠጠር አይታ አታውቅም። ጭቃ በር ላይ ያለውን ሰው በሙሉ ሽቅብ የሚያወጣ ጠጠር እዚያ ተዘርግፎ እግር ያሻሸዋል። 

«ጌቶቼ፣ ነጭ አውጥቻለሁ።»

ዳኛው ደነገጠ። ባለጉዳይ ካየ ቆይቷል። ወደ ሊቀ መርሳት ዘንበል ብሎ «እንዲህ ሲሆን ምን ነበር የምለው?» ብሎ አንሾካሾከ።

«‹ነበር›ን ተዉት ጌታዬ» አለ ሊቀ መርሳት።

«ምንድን ነው የምለው ታዲያ?»

«‹ምን ትፈልጊያለሽ› ይበሏት።»

ዳኛው ጠየቃት። አንጓች አንዲት ጠጠር ነው ያላት፤ አንዲት ጠጠር ደግሞ አንዲት ቃል ናት። ምንጩ ትዝ አላት። ምንጩን ያጠረው ሰው እፊቷ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ውጭ ደግሞ ደመናው ጠቁሯል፤ ነጎድጓድም ተሰማ።

«ወንድሜ ስንሻው ከጉድጓድ ይውጣልኝ» አለች።

ሊቀ መርሳት ብድግ አለ። ከቀትር ጀምሮ በገበጣው መሃል ቀና እያለ በመስኮት ሲያያት ነው የዋለው፤ ስትመላለስ፣ ጥቁሩን ስትመልስ፣ ሁሉንም አይቷል። «ጌታዬ፣ ይህች ሴት...» ብሎ ጀመረ።

«ይህች ሴት ምን?» አለ ዳኛው።

 አፈ ጋን ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። አንጓች ሊቀ መርሳትን ትክ ብላ አየችው። የሚናገራት ቃል ሁሉ «ቅድም» ሳትል የማትጀምር ሆነችበት። አንዴ አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። ጉንጩ አበጠ። የገዛ ፍርዱ አንቆት ቆመ።

«ይህች ሴት... ነጭ ጠጠር ይዛለች» አለና ተቀመጠ።

«ይሁን» አለ ዳኛው፤ ወደ ገበጣውም ተመለሰ።

በዚያ አገር የዳኛ ቃልም እንደማንኛውም ባለጉዳይ በየበሩ ጠጠር እያወጣ ነው የሚሄደው። መልእክተኛው ማር በር ላይ እጁን ሰደደ፤ ጥቁር። ውረድ። ዋርካ በር ላይ፤ ጥቁር። ውረድ። ድንጋይ በር ላይም ጥቁር። ሰው ስንት ዘመን ያለቀሰበት ጥቁር ጠጠር ያን ቀን ለአንዲት ሴት ፈረስ ሆነላት። ዝናቡ ሳይጠነክር ስንሻውን በገመድ ሳቡት። ውሃው ጉልበቱ ደርሶ ነበር።

ከጉድጓድ የሚወጣ ሰው «ትናንት አልነበረም» ብሎ መማል አለበት። ስንሻው እህቱን አየ። እሷ አንገቷን ነቀነቀችለት፤ በል ማለቷ ነው። ማለ። ከዚያ እስከ ሽንብርማ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መንደሩ ሲደርሱ ሰዉ ወጥቶ አቅፎ ሳመው፤ ደስታውም ሲበርድ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ለመሆኑ ምንጩስ?» አሉት።

አንደበቱ የተባው ስንሻው አፉን ከፍቶ ቀረ። ምንጩ እንደታጠረ ነው። የአፈ ጋን በቅሎዎች ገብተው ይታጠባሉ። ጉዳዩን አስይዘው የላኩትን ሰው ለማስመለስ ስንት ተለፍቶ፣ ጉዳዩ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

በኮረብታውም ነገሩ ተሰማ። ባለጉዳዩ ሁሉ እንደ አንጓች ማር በር ላይ መመላለስ ያዘ። ባሻ ጓንጉል ታመምኩ ብሎ ተኛ። ሹማምንቱ ግን «ያለፈ ሁሉ ትናንት ነው» የምትለዋን ፍርድ አላነሷትም፤ እሷ ከተነሳች እነሱም ያደረጉትን ሊጠየቁ ነው። አፈ ጋን ቀላል ዘዴ አገኘ። ከማር በር ጋን ውስጥ የቀሩትን ጥቂት ነጮች ለቅሞ ጨረሳቸው። እንግዲህ የፈለገ ይመላለስ። ነጭ ከሌለበት ጋን እጅ ዘመኑን ሁሉ ቢገባ ቢወጣ የሚያወጣው ጥቁር ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይሉ የለ፤ አፈ ጋን የሚቆጨው ሰው አልነበረም።

ክረምቱ አልፎ በጋ ሲገባ ሌላ ንጉሥ ተሾመ። ይኸኛው ከሁሉ የሚብስ አዛኝ ነው። አዋጅ ነጋሪው ሽንብርማ ድረስ ወረደ።

«ስማ! ንጉሣችን አሮጌውን ጋን ሁሉ በአደባባይ ሰባብረውታል! አዲስ ጋን፣ ቀለም የተቀባ ጋን፣ በየበሩ ተቀምጧል! ሰው ሁሉ መጥቶ ይሞክር!»

እልልታው ቀለጠ። ጋኑ ተሰበረ ሲባል ያላለቀሰ አልነበረም። አንጓች ብቻ እጆቿን አጣምራ ቆማ ነበር። እልልታው ጋብ ሲል «ወንድሜ» አለችው አዋጅ ነጋሪውን፣ «ጠጠሩስ?»

«የምን ጠጠር?»

«ጋኑ ውስጥ የሚገባው።»

«እሱማ ያው ነው» አለ አዋጅ ነጋሪው ተገርሞ። «የአባቶቻችን ጠጠር ይጣላል እንዴ? አንድም ሳይጎድል ተለቅሞ፣ ታጥቦ ተመልሷል።»

ሰዉ እልል ማለቱን ቀጠለ። አንጓች ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ወንዙ ወረደች። ወንዙ የሚሞላው ክረምት ክረምት ነው፤ በጋ ከገባ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ይቀራል፤ አብዛኛው ደግሞ ነጭ ነው። አጎንብሳ መልቀም ጀመረች። ስንሻው ተከተላትና አጠገቧ ቆሞ ሲያያት ቆየ። ከጉድጓድ ወጥቶ ከማለ ወዲህ የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው ያን ጊዜ ነው።

«በር ጠባቂው ቢያይሽስ?»

«የሚያየው ከጋን የሚወጣውን እጅ ነው። የሚገባውን እጅ ፈትሽ የሚል ሕግ የለም።»

ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ወረዱ። አንድ ጎልማሳ ነጭ ጠጠር አንስቶ መዳፉ ላይ እያንከባለለ ፈገግ አለ። «ይህንኑ ይዤ ገብቼ ይህንኑ ይዤ ብወጣስ፣ እት አንጓች? አንድም ቀን ሳልመላለስ ችሎት ገባሁ ማለት ነው።»

«ትገባለህ» አለችው። «እኔም ገብቼ ነበር። ወንድሜን አወጣሁ፤ ጋኑ ግን እንዳለ ነው፤ ምንጫችንም እንደታጠረ ነው። አንተ ይዘህ የገባኸውን እዚያው ጣለው። ለራስህ የደረሰህን አውጣ፤ ጥቁርም ቢሆን። ውረድ ቢልህ ወርደህ እዚያም ጣል።»

ጎልማሳው ጠጠሩን አየት አደረገና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሌላ ለቀመ።

ቀጥሎ ምን ሆነ ብላችሁ አትጠይቁኝ። በዚያ አገር ያለፈ ሁሉ ትናንት ነው፤ ትናንትን የጠራ ደግሞ ምን እንደሚያገኘው ነግሬአችኋለሁ። ተረት ነውና ይህን ያህል ልበል። በማግስቱ ማለዳ ከሽንብርማና ከአጎራባች መንደሮች ብዙ ሰው ወደ ኮረብታው ወጣ። በር ጠባቂዎቹ የመርሻ ውሃቸውን ጠጥተው ምለው ተሰይመዋል። የመጣውም ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ደንቡ እጅ እየነሳ፣ በሰልፉ ውስጥ ገባ። ሁሉም ግን አንድ እጁን ጨብጦ ነበር።